«የቤት ገመና ነው» ለሚሉ ሁሉ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወደ ቡራዩ፣ በስተ ደቡብ ምዕራብ ወደ ሰበታ፣ በስተ ሰሜንም የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ መንገደኛ፣ ዛሬ ሸገር ከተማ በሚባል አንድ አስተዳደር በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች ውስጥ ልጁ ወይም እኅቱ ወይም የጎረቤቱ ልጅ ባሕር ተሻግራ ያልሄደችበትን ሰው ለማግኘት ብዙ መድከም ይኖርበታል፤ ስለዚህም በለቅሶ ድንኳን ቢሆን፣ በጠበል ጻዲቅ ቢሆን፣ በታክሲ ሰልፍም ላይ ቢሆን የስደትና የጥገኝነት ነገር ሳይነሣ የሚያልቅ ጨዋታ ጥቂት ነው። በዚህ ሁሉ ጨዋታ መካከል እንደ ተረጋገጠ እውነት ሆኖ የሚመላለስ፣ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ የተማረውም ያልተማረውም በአንድ ቃል የሚቀበለው አንድ ፍርድ አለ። ይኸውም፣ ጥገኝነት የሚገባው ከመንግሥት ጋር ለተጣላ የፖለቲካ ሰው ነው፤ ሴት ልጅ ከባሏ ዱላ፣ ከጠላፊዋ እጅ ወይም ከገራዥዋ ምላጭ የሸሸች እንደ ሆነ ግን ነገሩ የቤት ገመና ነውና በሽማግሌ ያልቃል እንጂ ለባዕድ ዳኛ አይነገርም፤ ተናግራ ወረቀት ካገኘችም «ኬዝ»፣ ማለት የፈጠራ ታሪክ፣ አስጽፋ ነው የሚል ነው። ይህን ፍርድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሐሰት ነው ብዬ ልከራከረው ተነሥቻለሁ።

ፍርዱ ከእኛ ሰፈር ብቻ የመነጨ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ባነሰ ነበር። ነገር ግን የዓለም መንግሥታት መልእክተኞች በ1943 ዓ.ም. በጄኔቭ ተሰብስበው ስለ ስደተኞች የሚናገረውን ስምምነት ባጸደቁ ጊዜ፣ ስደተኛ ማለት በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ የአንድ ማኅበራዊ ወገን አባል በመሆኑ ወይም በፖለቲካ አሳቡ ምክንያት መከራ እንዳይደርስበት የፈራ ሰው ነው ብለው አምስት ምክንያቶችን ሲቆጥሩ ጾታን ከቁጥሩ ሳያገቡት ቀሩ፤ በጉባኤውም የጾታ ነገር በተነሣ ጊዜ የመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበሩት ሆላንዳዊው ቫን ሄቨን ጉድሃርት፣ በጾታው ምክንያት የሚሳደድ ሰው መኖሩን አጥብቀው እንደሚጠራጠሩ ተናገሩ። እኒህ ሰው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በጦርነቱ ዘመን ከናዚዎች አምልጠው ለንደን የገቡ፣ ስደትን በራሳቸው ላይ ያዩ ሰው ነበሩ። የሚያውቁት ስደት ግን የወንድ ስደት ነበርና፣ በዓይናቸው ያላዩትን የለም አሉ።

እኛ ግን አላየንም ለማለት አንችልም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት የኢትዮጵያ ሴቶች መካከል 65 ከመቶው የተገረዙ መሆናቸውን፣ ካገቡትም መካከል ሲሶ የሚሆኑት ከባሎቻቸው የአካል፣ የስሜት ወይም የወሲብ ጥቃት የደረሰባቸው መሆናቸውን ጽፎ አስቀምጦልናል፤ ከዚህ በኋላ ሴት በቤቷ የሚያሳድዳት ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ፣ ከኮሚሽነሩ ይልቅ በደሉ የከፋ ነው፤ እርሳቸው ሳያዩ ተናገሩ፣ እርሱ ግን እያየ ይናገራልና።

የዚህ ፍርድ ሥር መሠረቱ፣ ጥገኝነት ማለት ከንጉሥ ቁጣ መሸሸግ ብቻ ነው የሚለው አሳብ ነው፤ ይህም አሳብ ከመጻሕፍት የመጣ አይደለም። በኦሪት ዘኍልቍ በሠላሳ አምስተኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው እግዚአብሔር ሙሴን ስድስት የመማፀኛ ከተሞች እንዲለይ ባዘዘው ጊዜ፣ ወደ እነዚያ ከተሞች ይሮጥ የነበረው ሰው ከፈርዖን ወይም ከሌላ ንጉሥ የሚሸሽ አልነበረም፤ የሚሸሸው ከደም መላሽ፣ ማለት ከሟቹ የሥጋ ዘመድ ነበር እንጂ። አሳዳጁ ጎረቤት፣ የአጎት ልጅ፣ በአንድ ምንጭ የሚቀዳ የአገር ሰው ነበረ። ስለዚህ የጥገኝነት ሕግ ሲጀመር የተሠራው ዘመድን ከዘመድ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ለማዳን ነው፤ ነገሥታትን የመሸሽ ጉዳይ በኋላ የተጨመረ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በአገራችንም በአክሱም ጽዮን ቢሉ፣ በጎንደር በእጨጌ ቤት ቢሉ፣ ተማፅኖ ይገባ የነበረው ሰው ከንጉሥ የከዳ መስፍን ብቻ ሳይሆን ከባላንጣው የሸሸ ባላገርና ከአበዳሪው ያመለጠ ድኻም ነበረ። እንግዲህ ከወንድሙ ጦር የሸሸ ወንድ ጥገኛ ከተባለ፣ ከባሏ ዱላ የሸሸችውን ሴት ገመና አውጪ ብሎ መጥራት በየትኛው ቀኖና የተጻፈ ነው?

የቤት ጉዳይ ነው የሚሉትም ሰዎች ቤቱን ማን እንደ ሠራው ቢመረምሩ ኖሮ እንዲህ ባልደፈሩ ነበር። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ልጃገረድ የጠለፈ ሰው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ከቅጣት ይድን ነበርና፣ ሽማግሌዎቹ እርቅ አውርደው፣ አባትየውም በግድ ይሁን በውድ እሺ ብሎ ጋብቻው ሲፈጸም፣ ልጅቱን ለጠላፊዋ ያስረከባት መንግሥት ራሱ ነበረ። ይህ ነውር እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ ኖሮ በአዲሱ የወንጀል ሕግ ጠለፋ ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት የሚያሳስር፣ ግርዛትም በራሱ አንቀጽ የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። ነገር ግን ያው ሕግ ስለ አስገድዶ መድፈር በሚናገርበት አንቀጽ ወንጀሉን ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸም ድርጊት ወስኖታልና፣ ባሏ በጉልበት የደፈራት ሴት ዛሬ ወደ ሰበታ ወይም ወደ ሱሉልታ ፖሊስ ጣቢያ ብትሄድ በዚህ አንቀጽ የሚከሰስላት ሰው የለም። ሕግ ራሱ ደፍ ላይ ቆሞ «ከዚህ አልገባም» ያለበትን ቤት የግል ቤት ነው፣ መንግሥት የለበትም ማለት የሚቻለው በምን ዐይነት አመክንዮ ነው? መንግሥትማ አለበት፤ በሩን የሚዘጋው እርሱ ነው።

የባዕድ አገር ዳኞች ይህን እስኪያዩ ድረስ አርባ ዓመት ፈጀባቸው። ካናዳ በ1985 ዓ.ም. ሴቶች ስለሚያቀርቡት የጥገኝነት ጥያቄ ለመርማሪዎቿ መመሪያ በማውጣት ከሌሎች ቀደመች፤ በ1988 ዓ.ም. ግርዛትንና የግዳጅ ጋብቻን ሸሽታ አሜሪካ የገባች አንዲት የቶጎ ወጣት ከአንድ ዓመት በላይ በእስር ከቆየች በኋላ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚው ቦርድ ጥገኝነት ፈቀደላት፤ በግንቦት 1996 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ስድስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የተፈረደው ጉዳይ የእኛው የአገራችን ሰዎች ጉዳይ ነበር። አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ከልጇ ጋር ቀርባ፣ ወደ አገር ቤት ብንመለስ ልጄን ከግርዛት ለማዳን አልችልም ብላ ባመለከተች ጊዜ የበታቹ ዳኛ አልተቀበላትም ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን የልጅቱ ፍርሃት የሚገባ ፍርሃት ነው ከማለቱም በላይ፣ እናት የልጇን ሥቃይ ቆማ እንድታይ መገደዷ ራሱን የቻለ መከራ ነው ብሎ ለሁለቱም ፈረደ። ከመስቀሉ ሥር የቆመችውን እናት ኀዘን በየዓመቱ በዕለተ ስቅለት እየሰገደ የሚያስብ ሕዝብ ይህን ነገር ከአሜሪካ ዳኛ መማር አልነበረበትም። በአውሮፓም የኅብረቱ ፍርድ ቤት በጥር 2016 ዓ.ም. የአንድ አገር ሴቶች በጠቅላላው እንደ አንድ ማኅበራዊ ወገን ሊቆጠሩ እንደሚችሉ ፈርዷል። ይሁን እንጂ በዚያው በአሜሪካ በ2010 ዓ.ም. አንዱ የፍትሕ ሚኒስትር በቤት ውስጥ የሚደርስ ጥቃት በአብዛኛው ለጥገኝነት አይበቃም ሲል የወሰነውን በ2013 ዓ.ም. ሌላው ሚኒስትር ሻረው፤ የሴቲቱ ጠባሳ ሳይለወጥ ሚኒስትር በተለወጠ ቁጥር ስደተኛነቷ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ፣ ነገሩ ገና በጽኑ መሠረት ላይ አልቆመም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ጥገኝነት ለፖለቲካ ሰው ብቻ ነው የሚሉትን አንድ ታሪክ ላስታውሳቸው። በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረ አንድ ሰው፣ ወጣት ሴቶችን እያሳሰረ፣ ልብሳቸውን እያስገፈፈ፣ ወፌ ላላ እያሰቀለ ሲያስገርፍ ከኖረ በኋላ፣ ዘመኑ ሲከፋበት ወደ አሜሪካ ሄዶ የፖለቲካ ስደተኛ ነኝ ብሎ አመለከተ። አመኑት። ፖለቲካን ያውቃል፣ የሹማምንትን ስምና የዘመኑን ቋንቋ አቀላጥፎ ይናገራል፣ አገሩን የለቀቀበትን ምክንያት በቀንና በወር ያስረዳል፤ መርማሪ የሚፈልገው ይህን አይደለምን? ከዚህ በኋላ በአትላንታ ከተማ በአንድ ሆቴል ተቀጥሮ ሲሠራ፣ በዚያው ሆቴል በአስተናጋጅነት የምታገለግል አንዲት ኢትዮጵያዊት ፊት ለፊት አየችው፤ ካስገረፋቸው ሴቶች አንዲቱ ነበረች። ከሌሎች ሁለት የመከራ ጓደኞቿ ጋር ሆና ከሰሰችው፤ ፍርድ ቤቱም በነሐሴ 1985 ዓ.ም. ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር እንዲከፍል ፈረደበት። የሚያስደንቀው ግን፣ ይህ ሁሉ በአደባባይ ከተፈረደበት በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ያው መንግሥት ዜግነት ሰጠው፤ ዜግነቱ ተገፍፎ ወደ ኢትዮጵያ የተባረረው በ1999 ዓ.ም. ነው።

ይህን ታሪክ ያመጣሁት አሜሪካኖችን ለመዝለፍ አይደለም። «እውነተኛ ስደተኛ የፖለቲካ ሰው ነው» የሚለው ሚዛን ምን እንደሚመዝን ለማሳየት ነው። ሚዛኑ የተሠራው በአደባባይ መናገር ለለመደ ሰው ስለ ሆነ፣ ገራፊውን በቀላሉ አሳልፎ የተገራፊዋን ቃል ለመስማት ዓመታት ፈጀ። ሴቶቹም ቢሆኑ የተሰሙት የታሰሩበት ምክንያት ፖለቲካ ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው እንጂ፣ ያንኑ ዱላ ከባሎቻቸው እጅ ተቀብለው ቢሆን ኖሮ የሰፈራችን ሸንጎ የቤት ገመና ብሎ ይሰናበታቸው ነበር። ወፌ ላላ የሰቀለው ሊቀ መንበር ሲሆን ግፍ፣ ባል ሲሆን ግን ተግሣጽ የሚሆነው ለምንድር ነው? ገመዱ አንድ፣ እግሩ አንድ፣ ጩኸቱም አንድ ነው።

ከባለጋራዎቼ ክርክር ሁሉ ብልሃት ያለበት መስሎ የሚታየው ግን ሌላ ነው። «ከመንደሯ ከሸሸች ሰበታ ለምን አትቀመጥም? ቡራዩስ ምን አላት? አገር ሰፊ ነው» ይላሉ፤ በባዕድ አገር ያለውም መርማሪ ይህንኑ አሳብ በሕግ ቋንቋ አሳምሮ፣ አመልካቿ በገዛ አገሯ በሌላ ከተማ በሰላም መኖር ትችላለች ብሎ ይጽፋል። በካርታ ላይ ሲታይ እውነት ይመስላል። እንግዲያው በካርታ ላይ ሳይሆን በቀበሌው መስኮት ፊት ቆመን እንየው።

አንዲት ልጅ ከጠላፊዋ አምልጣ፣ ያላትን ጥቂት ልብስ በፌስታል ቋጥራ፣ ሌሊት በአይሱዙ ላይ ተሳፍራ ሰበታ ደረሰች፤ ከሌሎች ሴቶች ጋር አንዲት ክፍል ቤት ተከራይታም በአበባ እርሻ ሥራ ልትጀምር ነው እንበል። አሠሪውም አከራይዋም መታወቂያ ይጠይቋታል። መታወቂያ ለማውጣት ወደ ቀበሌ ትሄዳለች፤ ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠው ጸሐፊም፣ ምንም ክፋት የሌለበት፣ ሥራውን በሥርዓቱ የሚሠራ ሰው፣ «መሸኛ አምጪ» ይላታል። መሸኛ የሚጻፈው ከተነሣችበት ቀበሌ ነው፤ የዚያ ቀበሌ ሊቀ መንበር የጠላፊዋ አጎት ወይም የክርስትና አባት ወይም የማኅበር ጓደኛ ነው፤ ደብዳቤውን ለማውጣት የምትልከውም ሰው ወዴት እንደ ገባች መናገር አለበት፤ በደብዳቤውም ላይ የምትዛወርበት ከተማ ስም ይጻፋል። እንግዲህ የተሸሸገችበትን ቦታ ለአሳዳጇ በማኅተም አረጋግጦ የሚሰጠው የአገሩ ሕጋዊ ሥርዓት ነው ማለት ነው። ብዙ ሳይቆይ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው፣ አንድ ሁለት ዘመድ አስከትለው ከአከራይዋ በር ይደርሳሉ፤ አከራይዋም ሰው አክባሪ ናትና ወንበር ታወጣላቸዋለች፣ ቡና ታፈላላቸዋለች፤ ልጅቱ «አልመለስም» ብትል ሽማግሌ የናቀች፣ ወላጅ ያሳፈረች ተብላ ቤቱን እንድትለቅ ይነገራታል። መሸኛውን ትታ ያለ መታወቂያ ልኑር ብትል ደግሞ በባንክ ሒሳብ አትከፍትም፤ የሚያስጠጋት አሠሪም ደመወዟን ቢከለክላት የምትከስበት ስም የላትም። «ሰበታ መኖር ትችላለች» ብሎ የሚጽፍ መርማሪ ይህን አያውቅም፤ ስላላወቀም እፈርድበታለሁ፣ መጠየቅ ነበረበትና። የእኛ ሰፈር ሰው ግን ያውቃል። ሽማግሌ ሆኖ ሄዶ ያውቃል፤ ቡናውንም ጠጥቶ ያውቃል።

ወደ ሐሰቱ ጉዳይ ልመለስ። ኬዝ የሚያስጽፉ ሰዎች አሉ፤ ገንዘብ እየተቀበሉ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርገው የሚጽፉላቸውም አሉ፤ ይህን ልክድ አልፈልግም። ነገር ግን የፓርቲ መታወቂያና የአባልነት ደብዳቤ እያስጻፉ፣ ያልታሰሩበትን እስር ቤት እየተረኩ ወረቀት ያገኙት ወንዶች ስንት ናቸው? ስለ እነርሱ ሲነገር በድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ይሆናል፣ «ጎበዝ ነው» ይባላል፤ ፖለቲካ ሁሉ ፈጠራ ነው፣ በአገራችን የታሰረ ሰው የለም ብሎ የሚደመድም ግን አይገኝም። አንዲት ሴት ዋሸች ሲባል ግን የሴቶች መከራ ሁሉ ሐሰት ይሆናል። ሐሰተኛውን ከእውነተኛው መለየት ግዴታ ነው፤ መለየት ማለት ግን መመርመር ማለት ነው እንጂ አስቀድሞ መፍረድ ማለት አይደለም።

ስለ ምርመራ ከተነሣ፣ ቃሏ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ በመጀመሪያው ቀን ያልተናገረችውን በሦስተኛው ጨመረች፣ ስለዚህ ሐሰተኛ ናት የሚሉ ሰዎች በመጽሐፈ ሶስና ያለውን የዳንኤልን ፍርድ ሲጠቅሱ ይሰማል፤ ዳንኤል ሁለቱን ረበናት ለያይቶ፣ ሶስናን ከወንድ ጋር ያያችኋት ከየትኛው ዛፍ ሥር ነው ብሎ ቢጠይቃቸው መልሳቸው ስለ ተለያየ ሐሰታቸው ተገልጧልና። ጥቅሱ ጥሩ ነው፤ ያነበቡት ግን ገልብጠው ነው። ዳንኤል ለያይቶ የመረመረው ባለ ሥልጣኖቹን ከሳሾች ነው፤ መከራ የደረሰባትን ሴት አይደለም። እነዚያ ረበናት ደግሞ አየን ያሉት ነገር ያላስደነገጣቸው፣ ተማክረው የመጡ ሰዎች ነበሩ። ሶስናን ሕዝቡ የሞት ፍርድ ሲፈርድባት ማስረጃ አልጠየቀም፤ የከሰሷት ሽማግሌዎችና ዳኞች መሆናቸው ብቻ በቃው። ዛሬ በጥገኝነት ጉዳይ የሚደረገው ምርመራ የዳንኤልን ጥያቄ ወስዶ ለሶስና የሚያቀርብ ነው፦ ዛፉ ምን ዐይነት ነበር፣ ሰዓቱ ስንት ነበር፣ የለበሰው ልብስ ቀለሙ ምን ነበር? በዚያች ሰዓት ዓይኗን ጨፍና ሞቷን ትለምን የነበረች ሴት የዛፉን ዐይነት ካላወቀች፣ ይህ የእውነቷ ምልክት እንጂ የሐሰቷ ምልክት አይደለም።

የምርመራውንም ክፍል ማየት ይገባል። በመካከል ጠረጴዛ አለ፤ ከወዲያ መርማሪው፣ በጎን አስተርጓሚው፣ ከወዲህ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል፤ ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ ነው። አስተርጓሚው የአገሯ ልጅ ነው፤ በዚያ ከተማ ያለው የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን አንድ ነውና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይገናኛሉ፤ ሚስቱ ምናልባት የእርሷ የማኅበር እኅት ናት። ድንበር ስታቋርጥ ደላላው ወይም ወታደሩ ምን እንዳደረጋት በዚያ ክፍል ትናገር ዘንድ ትጠየቃለች። አንገቷን ትደፋለች፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች፤ «ያደረገኝን አደረገኝ» ብላ ዝም ትላለች። አስተርጓሚውም ኀፍረት ይዞት ነገሩን አለስልሶ፣ አንገላታኝ ትላለች ብሎ ያሳልፈዋል፤ መርማሪው ይጽፋል፤ ባል የሆነውን እየጠረጠረ ዝም ይላል። ከስድስት ወር በኋላ ለሴት ጠበቃ ብቻዋን ሆና እውነቱን በነገረች ጊዜ፣ በፊት ያልነበረ ቃል ጨመረች ተብላ ትሸኛለች። በአገራችን ሴት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ለንስሐ አባቷ እንኳ ለመናገር ዓመታት ይፈጅባታል፤ ለማታውቀው ሰው በአንድ ጧት ካልተናገረች ዋሽታለች ማለት ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ሴት መርማሪና ሴት አስተርጓሚ ይሁንላት፣ ከባሏ ተለይታ ትጠየቅ፣ ሕፃኑን ሌላ ሰው ይያዝላት ሲባል ለሴት ማዳላት የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም፤ ዳኛው እውነቱን ይስማ ማለት ነው። ያልሰማውን የሚፈርድ ዳኛ ለማንም ርቱዕ ሊሆን አይችልም።

የቡራዩንም ነገር ሳልናገር አላልፍም። በየካቲት 2004 ዓ.ም. በቤይሩት ከኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ አንዲት የቡራዩ እናት ስትጎተትና በግድ ወደ መኪና ስትከተት የሚያሳይ ፊልም ዓለም ሁሉ አየ፤ ሁለት ልጆቿን ለማሳደግ ስትል በቤት ሠራተኛነት የሄደች ነበረች። በመጋቢት ወር መጀመሪያ በተወሰደችበት ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። ልጆቿ አሉና ስሟን አልጠራም፤ ያን ጊዜ ያልተጠራበት ቦታ አልነበረም። ብዙ ሰው አዘነ፤ ሐዘኑም ሳይደርቅ «ማን ሂጂ አላት» የሚል ተከተለ። ሊባኖስ የ1943ቱን ስምምነት ያልፈረመች አገር ናት፤ ሳዑዲ ዓረቢያም እንዲሁ፤ በከፋላ ሥርዓት ሠራተኛይቱ በአሠሪዋ ስም የታሰረች ናትና ከቤቱ ሸሽታ ከወጣች ያለ ሌላ ጥፋት ሕገ ወጥ ትሆናለች። እንዲህ ያለችው ሴት የምትሸሽበት አንድ ደጅ የራሷ መንግሥት ቆንስላ ብቻ ነበረ፤ እርሱም ደጅ አላዳናትም። የሥራ ስደተኛ እንጂ ጥገኛ አይደለችም የሚል ክፍፍል በመጽሐፍ ላይ ያምራል፤ በበረንዳ ተንጠልጥላ የምታመልጥ ልጅ ግን በየትኛው ስም እንደምትጠራ ማሰቢያ ጊዜ የላትም።

እስካሁን የተናገርኩት በእኛ ሴቶች ላይ ስለሚደርሰው ነው፤ በእኛ አገር ስለ ተጠጉት ስንነጋገር ደግሞ በክርክሬ የሚከፋ አይጠፋም። ኢትዮጵያ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስለ ስደተኞች ያወጣው ስምምነት በጳጉሜን 1961 ዓ.ም. የተፈረመባት አገር ናት፤ ዛሬም አንድ ሚሊዮን ያህል ስደተኞች አስጠግታለች፤ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ እንዲሠራ፣ ልደቱንና ጋብቻውን እንዲያስመዘግብ ፈቅዷል፤ ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. በትግራይ በተደረገው ጦርነት የሕጻጽና የሽመልባ የስደተኛ ጣቢያዎች ፈርሰው ሰው ሲበተን፣ ወደ አዲስ አበባ የደረሰች ኤርትራዊት ሴት የቤት ኪራይ ረከስ ወደሚልበት ወደ ከተማው ዳር ብትሄድ የአከራይ የመጀመሪያ ጥያቄ «ባልሽ የት ነው?» የሚል ነው። ባል ካላትም መዝገቡ በቤተሰቡ ራስ ስም፣ ማለት በባሏ ስም ይከፈታል፤ ቢመታት ወዴት ትሄዳለች? ከመዝገቡ ከወጣች ስደተኛነቷ አብሮ የሚወጣ ይመስላታል፤ ስለዚህም ትመታለች፣ ዝም ትላለች።

በጥንት ዘመን ግን ይህች አገር ሌላ ምሳሌ አሳይታ ነበር። በ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከመካ ሸሽተው ወደ አክሱም ከመጡት ሰዎች መካከል የነቢዩ ልጅ ሩቅያ ነበረች፤ በኋላ እሙ ሐቢባ የተባለችው ረምላም ነበረች። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚናገሩት የረምላ ባል በስደት አገር ሳለ ሃይማኖቱን ለውጦ ክርስቲያን ሆነ፤ እርሷ ግን በሃይማኖቷ ጸንታ ብቻዋን ቀረች፤ ባልዋም በዚያው ሞተ። ክርስቲያኑ ንጉሥ፣ ባልሽ ከእኛ ወገን ሆኗልና አንቺም ተከተዪው፣ አለዚያም በእርሱ ስም የገባሽ ነሽና ጥገኝነትሽ ቀርቷል አላላትም፤ በራሷ ስም፣ በራሷ ሃይማኖት ጠበቃት፤ ነቢዩ ሊያገቧት መልእክት በላኩ ጊዜም ፈቃዷን አስጠይቆ ጋብቻውን በአደራ ፈጽሞ በክብር ሸኛት። ሚስት ከባልዋ ተለይታ ትጠየቅ፣ የራሷ መዝገብ ይኑራት፣ ቃሏ በራሱ ይመዘን የሚሉትን ሰዎች «የፈረንጅ ነገር አመጡብን» እያለ በየድንኳኑ የሚከራከር ሁሉ በአክሱም ስለ ተሠራው ስለዚህ ሥራ መልሱን ያምጣ።